ለተረትም መልስ ይፈቀድ

«የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» የሚለውን አባባል እዚህ አጣዬ በሁለት ቦታ ሰምቼዋለሁ። አንዱ ወንዝ ዳር፣ ከሽንኩርት ማሳ አጠገብ፣ ሽማግሎች በተቀመጡበት የግራር ጥላ ሥር ነው። ሌላው በስብሰባ አዳራሽ፣ ማይክ ከያዘ እንግዳ አፍ ነው። ከቃሉ አንድ ፊደል አልተለወጠም። በመጀመሪያው ቦታ ግን ነገሩን ወደ ፍርድ ወሰደው፤ በሁለተኛው የሰዉን አፍ ዘጋ። ዕድሜዬን አማርኛ ሳስተምር የኖርሁ ሴት ነኝና ይህ ልዩነት ከየት እንደመጣ ሳላስብበት ማለፍ አልሆነልኝም።

ከወንዙ ዳር ልጀምር። አጣዬ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ለሚጓዝ ሰው ጣርማ በርን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትን ተሻግሮ የሚያገኛት የቆላ ከተማ ናት። በስተምዕራብ የመንዝና የግሼ ደጋ አለ፤ ውኃችን የሚወርደው ከዚያ ነው። ማሽላውና ማሾው በክረምቱ ዝናብ ይበቅላል፤ በበጋ ግን ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያወጣ ገበሬ ኑሮው በመስኖ ተራ ላይ የቆመ ነው። ተራ የሚያስጠብቀውን ሰው የውኃ አባት እንለዋለን። ሽንኩርት አንድ ተራ ከዘለለው በቆላ ፀሐይ ምን እንደሚሆን ለገበሬ መንገር አያሻም።

አንዲት ባሏ የሞተባት ገበሬ ተራዋ በደረሰ ሌሊት ውኃው ከላይ ተጠልፎ ቦይዋ ደርቆ አደረ። ከሳሽ ሆና በሽማግሎቹ ፊት ቆመች። የተከሰሰው ጎረቤቷ አልካደም። «ጥፋቱ ሆኗል፤ ምን ይደረግ፣ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፤ ይለፈን» አለ። ነገሩ ራሱ የውኃ ነገር ነበርና አባባሉ ጥሩ ገጠመለት፤ ከተቀመጡትም ፈገግ ያሉ ነበሩ። ከዳር የቆመ ሰው ደግሞ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል፤ ወንድምሽን አትልኪም ነበር?» ብሎ አከለበት። እሷ ለዚህኛው ፊቷንም አላዞረችለት። ወደ ሽማግሎቹ ጎንበስ ብላ «አባቶቼ፣ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ትሉ የለም? እንግዲያው ከሥሩ ይጠየቅልኝ» አለች።

መሐል የተቀመጡት ሼህ ወደ ተከሳሹ ዞሩ። ውኃውን የጠለፍከው በስንት ሰዓት ነው? በየትኛው ቦይ ነው የወሰድከው? ማን አየህ? እስከ ስንት ሰዓት ለቀቅኸው? የውኃ አባቱ ተጠርቶ መሰከረ። በመጨረሻ የሰውየው ቀጣይ ተራ ለእሷ እንዲሰጥ፣ የተናደውንም የቦይ አፍ በራሱ ጉልበት እንዲያበጅ ተወሰነ። ሼሁ ዱዓ አደረጉ፤ አብረዋቸው የተቀመጡት ቄስም መረቁ፤ ቡና ተጠጥቶ ሰዉ ወደየቤቱ ሄደ።

በዚያ ጥላ ሥር የፈሰሰውን ውኃ ያፈሰው የለም። ውኃ በውኃ ግን ተከፈለ። ይህ የሆነውም ተረቱ መልስ ስላገኘ ነው። ሰውየው አባቶችን ጠርቶ ሊያመልጥ አሰበ፤ ሴትዮዋም እነዚያኑ አባቶች ጠርታ አስቆመችው። ከሁለቱ የአባት ቃል የትኛው ለዚህ ጉዳይ ይስማማል የሚል ጥያቄ ተነሣ፤ እሱን ለመመለስ ደግሞ ሰዓቱን፣ ቦዩንና ምስክሩን መጠየቅ ግድ ሆነ። በሽንጎ ውስጥ ተረት እንደ ዋስ ነው፤ ጠርቼሃለሁ ብሎ ማለፍ የለም፤ ከኋላው የሚጠየቅ ሰው አለ።

አንድ ነገር ልጨምር። ያቺ ሴት ከእሷ በዕድሜ እጅግ የሚበልጡ ወንዶችን «ልታድበሰብሱብኝ ነው» ብትል ባለጌ ትባል ነበር፤ ነገሯም እዚያው ይሞት ነበር። በተረት ስለተናገረች ግን ነውር አልሆነባትም። ያለችው ከዚህ ያነሰ አይደለም፤ ሽማግሎቹን በገዛ ቃላቸው ነው የያዘቻቸው። ተረት ኋላ ቀር ነው፣ ከአደባባይ ንግግር ይውጣ፣ ቁጥርና ሪፖርት ይበቃናል ለሚሉ ወጣት የሥራ ባልደረቦቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ይህን ነው። ቁጥር የደኸየውን ሰው ድህነት ይናገራል፤ በጉልበተኛ ፊት አንገቱን ቀና አድርጎ እንዲናገር ግን አያደፋፍረውም። ተረት ለደካማው የአባቶችን ሥልጣን ያውሰዋል።

የጥንቱ ሙግታችንም ይህን ያውቅ ነበር። በላ ልበልሃ በሚባለው የችሎት ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ በግጥምና በተረት ይጋጠሙ፣ በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስም ይወራረዱ ነበር። አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው ስሙ በአገር ይወጣ ነበር። ቢሆንም አንዱ ሲተርት ሌላው ተራ ነበረው፤ ዳኛውም ሁለቱን ሰምቶ ምስክር ይጠራ ነበር። አፈርሳታ ወይም አውጫጪኝ በሚባለው ሥርዓት ደግሞ የአገሩ ሰው አንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ እስኪታወቅ ድረስ አይበተንም ነበር። እዚያ ላይ ተነሥቶ «ያለፈ አለፈ» የሚል ሰው የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። ከእኛ በስተሰሜን በከሚሴና በወሎ በኩል አበጋር የሚባሉት የእርቅ አባቶችም ደም የሚያደርቁት ገዳይና ሟች ታውቀው፣ ካሣው ተነግሮ፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ ፊት ለፊት ቆሞ ነው። ተረቱ፣ ምርቃቱና እርግማኑ በዚህ ሁሉ መካከል የሚነገር እንጂ በዚህ ሁሉ ፈንታ የሚነገር አልነበረም።

አሁን ወደ አዳራሹ ልመለስ።

በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በአጣዬና በዙሪያዋ የሆነውን የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሰው ሞተ፣ ከተማው ነደደ፣ የተረፈው ልጁን አዝሎ ተሰደደ። ገና አመዱ ሳይጠረግ በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ራሱ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። በጥር 2015 እንደገና ተኩስና ስደት ሆነ። በእነዚህ ዓመታት ሊያጽናናን፣ ሊያስታርቀን፣ ሊመክረን ያልመጣ እንግዳ የለም። ሁሉም ማይክ ይዞ ይናገራል፤ ሁሉም ይተርታል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። ቤታችን መቼ ይሠራል የሚል ጥያቄ ሲነሣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። ነደው ላለቁ ቤቶች ባለቤቶች «ነገር ሳይቃጠል በቅጠል» ተብሎ ሲመከር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ተናጋሪው ምን እንዳለ የተረዳው አልመሰለኝም፤ አዳራሹ ግን ጸጥ አለ። ከዚያ አንዱ እንግዳ ነው «ያለፈውን ትተን ወደፊት እንይ፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» ያለው።

አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ቤቷም ሱቋም ነድዶባታል። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» አለች። ከእኔና ከጎኗ ካለው ሰው በቀር የሰማት የለም። ትክክለኛው መልስ ግን እሱ ነበር። ያ ቃል መድረኩ ላይ ቢደርስ ኖሮ ወንዝ ዳር እንደሆነው ሁሉ ጥያቄ ማስከተሉ አይቀርም ነበር፦ ማን ተወጋ? ማን ወጋ? ምን ያህል ጠፋ? ማን ይመልሳል? እስከ መቼ? ማይኩ ግን አንድ ብቻ ነበርና ተረቱ እንደተነገረ ቀረ፤ ጭብጨባ ተከተለ፤ ስብሰባው ተዘጋ። ሰዉ ከአዳራሹ ሲወጣ በር ላይ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እየተባባለ ነው የተበተነው። መልስ የተነፈገው ሕዝብ ተረቱን በር ላይ ይመልሳል። በር ላይ የተባለው ደግሞ ቃለ ጉባኤ ውስጥ አይገባም።

እንግዶቹ ክፉ ሰዎች ናቸው አልልም። ብዙዎቹ ከልባቸው ሊያጽናኑን ነው የመጡት፤ እንባ ያነቀውም አይቻለሁ። ችግሩ ተረት ለተናጋሪው የሚሰጠው ሽፋን ነው። «አባቶቻችን እንዳሉት» ብሎ የሚጀምር ሰው የሚናገረው የራሱ ውሳኔ መሆኑ ይቀርና የአባቶች ይሆናል። «ካሣ አንከፍልም» ቢል ይጠየቅበታል፤ «የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» ሲል ግን የሚጠየቅ የለም፤ አባቶችን ማን ይከሳል? የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ አርስቶትል ስለ ንግግር ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ምሳሌያዊ አባባል የሚያምረው በዕድሜ ለበሰለና ለሚናገርበት ጉዳይ ልምድ ላለው ሰው ነው ይላል። የእኛም ሽማግሎች ያለ መጽሐፍ የሚያውቁት ነው። ስለ እሳት የሚተርት ሰው ቢያንስ እሳቱ የበላውን ሰው ስም ይወቅ።

ደግሞም የአባቶች ቃል ስለተባለ ብቻ ሁሉ ቅዱስ አይደለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውም የአባቶች ቃል ነው። ይህን ተረት እየሳቁ የሚናገሩ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ስንት ገንዘብ ከስንት የደሃ ቤት እንደሚወጣ ቢያስቡት ሳቁ ይደርቅ ነበር። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው ወንዝ ዳር ያቺን ሴት ሊያስመልሳት ነበር፤ እኔንም በመምህራን ስብሰባ ላይ ከአንድም ጊዜ በላይ ሊያስቀምጠኝ ሞክሯል። ከሁሉ የከፋው ግን አንድ የታወቀ ቅርጽ ነው፦ «እገሌን ማመን ቀብሮ ነው» የሚለው። በ«እገሌ» ቦታ የፈለጉትን ብሔር፣ የፈለጉትን ሃይማኖት፣ የፈለጉትን አገር ሰው ስም ይሞሉበታል። ግጭት በሆነ ቁጥር ይህ ቃል በየስልኩ ይዞራል። ከወዲህ ያለው ከወዲያ ያለውን ይልበታል፤ ከወዲያ ያለውም እንዲሁ። እሑድ እሑድ በሰንበቴ ገበያ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ ጨውና እህል፣ ፍየልና ሸማ ሲለዋወጡ ኖረዋል። ያንን ሁሉ መተማመን አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር በአንድ ሌሊት ሊያፈርሰው ይነሣል። ሰዎች የሚያስተላልፉት ክፉ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ቃሉ የተረት መልክ ስላለው፣ ስለሚጥም፣ አባቶች ያሉት ስለሚመስላቸው ነው። ለዚህ መልሱ ያው የወንዝ ዳሩ መልስ ነው፦ ማን? መቼ? የት? ማን አየ? አንድ ሰው ከድቶህ ከሆነ ስሙን ጥራና በሽማግሌ ፊት አቁመው። ሕዝብን በአባባል መክሰስ ግን ምስክር የሌለው ክስ ነው።

ተረት ከነመልሱ መነገር እንዳለበት ሥነ ጽሑፋችንም ምስክር ነው። የጠቢባንን ቃል መሰብሰብ ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ «አንጋረ ፈላስፋ» የሚባለው የጠቢባን ምክር መጽሐፍ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአባ ሚካኤል ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመልሷል። በኋላም የውጭ ሊቃውንት የእኛን ተረቶች ሰብስበው አሳትመዋል፤ ጣሊያናዊው ኢኛሲዮ ጉዊዲ እ.ኤ.አ. በ1894 ሮም ላይ፣ ዣክ ፋይትሎቪች ደግሞ በ1907 ፓሪስ ላይ። ስብስብ ቃሉን ከመጥፋት ያድነዋል፤ ባለውለታዎቻችን ናቸው። በስብስብ ውስጥ ግን ተረቱ ማን ለማን፣ በምን ጉዳይ፣ ምን ተብሎ ሲመለስለት እንደተናገረው አይገኝም። ደራሲዎቻችን ይህን ጉድለት ሞልተውታል። ከእኛ ቆላ ሽቅብ መንዝ የተወለዱት ከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» በተባሉት መጻሕፍታቸው ታሪኩን ያስቀድማሉ፤ ምክሩ የሚመጣው አንባቢው ነገሩ ሲሆን ካየ በኋላ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የአባቶች ወግ ተብሎ የቆየውን ሁሉ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሰው አስገብተዋል፤ ጉዱ ካሣን። የአገሩ ሰው እብድ ያለው ሁሉም የሚለውን እሱ ባለማለቱ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ጉዱ ካሣ ባይኖር ኖሮ ወግና ማዕረግ፣ ፍቅርና ሞት በአንድ ወገን ድምፅ ብቻ በተተረኩ ነበር። ሐዲስ ለወጉ መልስ የሚሰጠው ሰው ስለጨመሩበት ነው መጽሐፉ ዛሬም የሚያነጋግረን።

በትምህርት ቤት ግን ምን እናደርጋለን? «የሚከተሉትን ምሳሌያዊ አነጋገሮች አሟሉ» እንላለን። «ድር ቢያብር ______» ይላል ወረቀቱ፤ ልጁ «አንበሳ ያስር» ብሎ ይጽፋል፤ አንድ ነጥብ ያገኛል። ተረት ማለት መጨረሻው የታወቀ፣ የማይጠየቅ፣ ተሸምድዶ የሚሞላ ነገር መሆኑን እዚያ ይማራል። ያ ልጅ አድጎ ማይክ ሲይዝ በአዳራሽ የምንሰማውን ቢናገር ምን ይገርማል?

እኔ ኋላ ኋላ ክፍል ውስጥ ሌላ መንገድ ያዝሁ። ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርጌ አቆማቸዋለሁ፤ አንድ ጉዳይ እሰጣቸዋለሁ፤ ለምሳሌ አንድ ተማሪ ጓደኛው ሲሰርቅ አይቶ ለመምህሩ ይናገር ወይስ ዝም ይበል? አንዱ «በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላል። ሌላኛዋ ፈጥና «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ትለዋለች። ክፍሉ ይጯጯሃል። እኔም ጠብቄ እጠይቃለሁ፦ እሺ፣ ለዚህ ጉዳይ የትኛው ይሻላል? ለምን? የተሰረቀው ምንድን ነው? የማን ነው? እንግዲህ ልጆቹ የሚከራከሩት ስለ ደብተሩና ስለ ባለ ደብተሩ ነው። የኦሮሞ ልጆች ከቤታቸው ማማክሳ የሚሉትን ተረት ይዘው ይመጡና ለክፍሉ ይተረጉሙታል፤ የአርጎባ ልጆችም የአያቶቻቸውን ያመጣሉ። ብዙ ጊዜ በሦስት ቋንቋ ያው አንድ ሐሳብ ይወጣል፤ አንዳንዴም ፈጽሞ የሚቃረን ይመጣል፤ የሚቃረነው ቀን ትምህርቱ ይበልጥ ይጣፍጣል። አንዲት ጸጥተኛ ልጅ በአንድ ተረት ክፍሉን ሁሉ ስታሸንፍ ያየሁበትን ቀን አልረሳውም። ከዚያ ወዲያ እጇን ሳታነሣ የዋለችበት ክፍለ ጊዜ አልነበረም።

ስለዚህ በዚህ ጋዜጣ በኩል የምለምነው ይህን ነው። የአማርኛ መምህራን፣ «አሟሉ» የሚለውን ጥያቄ ጨርሳችሁ ባታጠፉትም ከጎኑ «መልሱለት» የሚል ጨምሩበት፤ ልጁ ለተረት ተረት መመለስን፣ ከዚያም ጉዳዩን መጠየቅን ይልመድ። ወጣቶች፣ አንድን ሕዝብ የሚሰድብ አባባል በስልካችሁ ሲደርስ ከማስተላለፋችሁ በፊት ለላከላችሁ ሰው ማን፣ መቼ፣ የት ብላችሁ ጻፉለት። ወደ አጣዬ፣ ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ወደ ማጀቴና ወደ ካራ ቆሬ ለመናገር የምትመጡ ባለሥልጣናትና እንግዶች ደግሞ ተርቱልን፤ እኛም ተረት የምንወድ ሰዎች ነን። ነገር ግን ከመተረታችሁ በፊት ቤቱ የነደደበትን ሰው አነጋግሩ፤ ከተረታችሁ በኋላም ማይኩን ወደ አዳራሹ ስጡና የሚመለስላችሁን እስከ መጨረሻው ተቀምጣችሁ ስሙ፤ የሰማችሁትንም በቃለ ጉባኤው ላይ አስጽፉ።